ላቭራክ በ5 ግራም፦ ትንሿ ጂግ እንዴት ታጠምዳለች?

ማዳመጥ ለማይመቻችሁ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሆናችሁ ኦዝኒዮታችሁን ቤት ለረሳችሁ፣ የዛሬው ክፍል በጽሑፍ እነሆ። እንደተናገርኩት ነው የተጻፈው፤ እዚህም እዚያም የአፍ ወሬ ቢበዛበት አትፍረዱብኝ።

ባለፈው ክፍል መጨረሻ ላይ "ዓርብ ዓርብ ጠዋት ዓሣ አጠምዳለሁ" ብዬ ሳልፍ ብዙ መልእክት ደረሰኝ። ግማሹ ሳቀብኝ። ግማሹ ግን የምሩን ነው የጠየቀው። አንዱ እንዲህ ይላል፦ "ዩቲዩብ ላይ አሜሪካኖቹ በትንሽ ጂግ ባስ ሲያወጡ እያየሁ ዕቃውን ገዛሁ። አሽዶድ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ከድንጋይና ከፌስታል በቀር ምንም አልያዝኩም። ችግሩ ምንድን ነው?"

ወንድሜ፣ ችግሩን አውቀዋለሁ። እኔም አንድ ሙሉ ክረምት ድንጋይ ሳጠምድ ከርሜአለሁ። ዛሬ የማወራው ስለዚሁ ነው፦ ስለ ዓሣው፣ ስለ ዕቃው፣ ጂጓ ውሃ ውስጥ ምን እንደምትሠራ፣ በመጨረሻም ከባሕር በሰላም ስለ መመለስ። "ቀላል ጂግ" ስል ክብደቷን ማለቴ ነው እንጂ ሥራው ቀላል ነው ማለቴ አይደለም።

መጀመሪያ ዓሣውን እንወቀው

አሜሪካኖች "ባስ" ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚያወሩት በሐይቅና በግድብ ስለሚኖር፣ አፈ ሰፊና አረንጓዴ ስለሆነ ዓሣ ነው። የሚኖረው ጨው በሌለው ውሃ ነው። የእኛው የባሕር ባስ ነው፤ በዕብራይስጥ ላቭራክ የምንለው። ስማቸው ይመሳሰል እንጂ ቤተሰባቸው እንኳ አንድ አይደለም። ስለዚህ ከዩቲዩቡ የእጅ አሠራሩን መማር ይቻላል፤ ቦታውንና ሰዓቱን ግን ከዚያ መቅዳት አያዋጣም።

ላቭራክን ገበያ ላይ ሁላችሁም አይታችሁታል። ሳህን ልክ ሆኖ፣ ሁሉም አንድ መጠን ሆኖ በበረዶ ላይ የሚደረደረው በአብዛኛው በእርባታ ያደገ ነው። የዱሩም መልኩ ያው ነው፦ ጎኑ ብርማ፣ ጀርባው ጠቆር ያለ፣ ጀርባው ላይ ሁለት ክንፍ ያለው። የፊተኛው ክንፍ እሾህ ነው። የጉንጩ ክዳን ጠርዝም ስለት ስላለው፣ በባዶ እጅ አፈፍ ያደረገ ሰው ደም ሳያይ አይመለስም። ነጠብጣብ ያለበት፣ አነስ የሚል ዘመድም አለው።

ሦስት ነገር ስለ እሱ ያዙ። አንደኛ፣ ጨው ያለውንም የሌለውንም ውሃ ይችላል፤ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበትን ቦታ የሚወደው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ምግቡ ሽሪምፕ፣ ትናንሽ ሸርጣንና ደቃቅ ዓሣ ነው። ሦስተኛ፣ ማደን የሚመቸው ብርሃኑ ደብዘዝ፣ ውሃው ደፍረስ ሲል ነው፤ ያኔ እሱ ያያል፣ የሚታደነው ግን አያየውም።

ደግሞ ክንፍም ቅርፊትም አለው፤ ኦሪት የምትፈቅደው ዓሣ ነው። እናቴ ያለ አንድ ጥያቄ ድስት ውስጥ ትጨምረዋለች።

ዕቃው

ጂግ ማለት ጭንቅላቱ ላይ እርሳስ የፈሰሰበት መንጠቆ ነው። እርሳስ ስል ብረቱን ነው። መንጠቆው ላይ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ የሚመስል ለስላሳ ሲሊኮን ይሰካል። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምጠቀመው 5 ግራሟን ነው። ውሃው ጸጥ ካለና ጥልቀቱ ትንሽ ከሆነ ወደ 3 እወርዳለሁ፤ ነፋስ ካለ ወደ 7፣ ሲብስ ወደ 10 እወጣለሁ። ሲሊኮኑ ከ7 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል።

እኔ የጀመርኩት በስህተት ነው። አንድ ሱቅ ገብቼ "ከባሕሩ ጠርዝ ሆኜ ማጥመድ እፈልጋለሁ" ስል፣ ሻጩ 4 ሜትር የሆነ ወፍራም ሀካ አሸከመኝ። ያ ሀካ ከባድ እርሳስ ከማዕበሉ ባሻገር ለመወርወር የተሠራ ነው። በእሱ ላይ 5 ግራም ማሰር ማለት በአካፋ ቡና ማማሰል ነው። ጂጓ የት እንዳለች አይሰማም፤ ዓሣም ቢነካት አይታወቅም።

የሚያስፈልጋችሁ ይኼ ነው፦ ከ2.1 እስከ 2.4 ሜትር የሆነ ቀጭን ሀካ፣ ላዩ ላይ ከ3 እስከ 15 ግራም ተብሎ የተጻፈበት። 2500 ቁጥር ሩለር። 0.12 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ የተጎነጎነ ክር። ጫፉ ላይ ደግሞ አንድ ሜትር ያህል 0.25 ወይም 0.28 ፍሉሮካርቦን፤ ይኼኛው ድንጋይ ሲታከከው ቶሎ አይበጠስም፣ ውሃ ውስጥም ብዙ አይታይም።

ክሩ ለምን ይቀጥናል? ወፍራም ክር ነፋሱም ውሃውም ይይዘዋል። ሲያዝ ጂጓን ወደ ላይ ይጎትታታል፣ መልእክቷም እጃችሁ ላይ አይደርስም። ትንሽ ክብደት የሚሠራው ከቀጭን ክር ጋር ብቻ ነው።

ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ ለክሩ አውጡት፣ ሀካው ይደርሳል።

ዋናው ነገር፦ አወዳደቋ

አሁን አባቴን ላስተዋውቃችሁ።

ከጻባ ወጥቼ ማታ ማታ ሽሚራ እሠራ ነበር። ጠዋት እገባለሁ፣ እተኛለሁ። ከአባቴ ጋር ንግግራችን "በላህ?" "አዎ።" "ተኛህ?" "አዎ።" ነበር። የእኔ አማርኛ ያኔ አጭር ነበር፤ የእሳቸው ዕብራይስጥም እንደዚያው። አንድ ዓርብ ሌሊት ሀካዬን ይዤ ልወጣ ስል ሳሎን ተቀምጠው አገኘኋቸው። "ወዴት ነው?" አሉኝ። "ዓሣ ላጠምድ።" ምንም ሳይሉ ተነሥተው ጃኬታቸውን ለበሱ።

ሾቬር ጋሊሙ ላይ ቁጭ ብለው ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብለው አዩኝ። እወረውራለሁ፣ እጠቀልላለሁ፤ እወረውራለሁ፣ እጠቀልላለሁ። በመጨረሻ "ልጄ፣ ውሃውን ለምን ትገርፈዋለህ?" አሉኝ። "አስቀምጠው እንጂ። ይውደቅ።"

አባቴ ያደጉት ከጎንደር በታች፣ መገጭ ወንዝ አጠገብ ነው። በልጅነታቸው ክር ጣታቸው ላይ ጠቅልለው፣ መንጠቆ ላይ ትል ሰክተው ያጠምዱ ነበር። ሀካውን ተቀበሉኝ። ሩለሩን እንዴት እንደሚከፍቱት አሳየኋቸው። ጂጓ ስትወድቅ ሌባ ጣታቸውን ክሩ ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ "ነካው" አሉ። እኔ ምንም አላየሁም። የሀካው ጫፍ አልተንቀሳቀሰም። "ይኸው፣ ደግሞ ነካው።"

ያን ቀን ዓሣ ይዘን አልተመለስንም፤ እኔ ግን ክረምቱን ሙሉ ያጠፋሁበትን ነገር ያገኘሁት ያኔ ነው። ላቭራክ አብዛኛውን ጊዜ ጂጓን የሚወስዳት ስትጎተት ሳይሆን ስትወድቅ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ጤነኛ ዓሣ ይሸሻል፣ የቆሰለ ዓሣ ግን ቀስ እያለ ይሰምጣል። አዳኝ ደግሞ ያለ ድካም የሚገኘውን ይመርጣል። 20 ግራም ብረት እንደ ድንጋይ ቁልቁል ይሄዳል፤ ዓሣው ሳያስብበት መሬት ደርሷል። 5 ግራሟ ግን ትንሳፈፋለች፣ ትዘገያለች፣ ዓይኑ ሥር ትቆያለች። የትንሿ ጂግ ጥቅሙ ይኼ ነው። ርቀት ከፈለጋችሁ ከባዱን እሰሩ፤ ጊዜ ከፈለጋችሁ ቀላሉን።

እንግዲህ አሠራሩ ደረጃ በደረጃ፦

ሩቅ ለመወርወር አትጨነቁ። ላቭራክ ብዙ ጊዜ እግራችሁ ሥር፣ ድንጋዩ ላይ ተሰብሮ ነጭ በሚሆነው አረፋ ውስጥ ነው።

ጂጓ ውሃውን ስትነካ መቁጠር ጀምሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ክሩን አታወጥሩት፣ ጨርሳችሁም አትልቀቁት። ከተወጠረ ጂጓ እንደ ዥዋዥዌ ወደ እናንተ ትመጣለች እንጂ አትወርድም። ከላላ ደግሞ ዓሣው ቀምሶ ሲተፋት አታውቁም። መሐል ላይ ነው ሥራው፤ ጣታችሁን ክሩ ላይ አሳርፋችሁ አብራችሁ ውረዱ።

መሬት ስትነካ ክሩ ድንገት ይላላል። ያኔ የሀካውን ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ቀስ ብላችሁ አንሡ፣ ሩለሩን ሁለት ዙር አዙሩ፣ እንደገና ትውደቅ። አንሡ፣ ሁለት ዙር፣ ትውደቅ። እግራችሁ ሥር እስክትደርስ እንዲሁ።

ንክሻው ሦስት መልክ አለው። አንዱ "ቱክ" የሚል ነው፣ ሰው በጣቱ ሀካውን እንደመታው። ሁለተኛው፣ ስድስት ስትቆጥሩ መሬት የምትደርሰው ጂግ አራት ላይ ትቆማለች፤ የሆነ ነገር መሐል ላይ ይዟታል ማለት ነው። ሦስተኛው፣ ክሩ ወደ ጎን መሄድ ይጀምራል። በሦስቱም ጊዜ በክንድ ሳይሆን በእጅ አንጓ ብቻ ቆንጠር አድርጋችሁ ሳቡ።

የሩለሩን ፍሬን ቀድማችሁ አስተካክሉ። ጫፍ ላይ ያለው ክር ከሚችለው ሲሶው ላይ ሲደርስ መልቀቅ አለበት። ላቭራክ ድንጋዩን ሲያይ አንድ ጊዜ በኃይል ይሮጣል፤ ፍሬኑ ከጠበቀ ይበጥሰዋል።

ክብደት ለመምረጥ የእኔ ሕግ አንድ ነው፦ መሬት መንካቷ እስከተሰማኝ ድረስ የመጨረሻዋን ቀላሏን አስራለሁ። ካልተሰማኝ ሁለት ግራም እጨምራለሁ። ባታምኑኝ አጠገባችሁ ጥልቀቱን በምታውቁት ውሃ ውስጥ 3፣ 5 እና 10 ግራሟን እያወረዳችሁ ቁጠሩ። ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

መቼ እና የት

የሜዲትራኒያን ባሕር ከፍና ዝቅ የሚለው በጥቂት አሥር ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የውጭ አገር ቪዲዮዎች ስለ ባሕር ሙላትና ጉድለት የሚሉትን እዚህ ብዙ አትመኩበት። እዚህ የሚወስነው ሞገዱ ነው። ከትልቅ ማዕበል ማግሥት፣ ባሕሩ ሲረጋጋ፣ ውሃው ግን ገና ደፍረስ እንዳለና አረፋ እንዳለው፣ ያኔ ውጡ። ንጋት ላይና ጀምበር ስትጠልቅ። ፀሐይ ጠንክራ፣ ውሃው እንደ መስታወት ከጠራ ቤታችሁ ተኙ።

ቦታ ካላችሁኝ፣ አሽዶድ ላለ የላሺሽ ወንዝ ባሕሩን የሚቀላቀልበት አካባቢ፣ ቴል አቪቭ ላለ የያርኮን አፍ። ግን ምልክቱን አንብቡ። ወደብ ክልል ውስጥ መግባት ክልክል ነው፤ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታዎችም የራሳቸው ሕግ አላቸው። የትኛው ዓሣ፣ በየትኛው ወር፣ በምን ያህል ርዝመት እንደሚፈቀድ፣ ፈቃድ ማን እንደሚያስፈልገው የሚወስነው የግብርና ሚኒስቴር የዓሣ ክፍል ነው። ደንቡ ስለሚለዋወጥ ከመውጣታችሁ በፊት ድረ ገጻቸውን ተመልከቱ። ቅጣቱ ከሀካው ዋጋ ይበልጣል።

በሰላም ስለ መመለስ

ይሄን ክፍል እባካችሁ አትዝለሉት።

ባለፈው ዓመት ክረምት፣ ከአባቴ ጋር ነን። ጂጓ ድንጋይ ሥር ተያዘችብኝ። እሷን ለማስለቀቅ ዞር ብዬ ለባሕሩ ጀርባዬን ሰጠሁት። የመጣውን ሞገድ አላየሁትም። እግሬን ጠረገኝ፣ በጉልበቴ ወደቅሁ፣ ሁለት ድንጋይ መሐል ተሰነቀርኩ። የዳንኩት በመሰንቀሬ ነው። ቀና ስል አባቴ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ብለዋል። አባቴ ዋና አያውቁም። ወድቄ ቢሆን ኖሮ ተከትለውኝ ይገቡ ነበር።

መኪና ውስጥ ቤት እስክንደርስ አልተናገሩም። ልንወርድ ስንል፣ "ዓሣስ ገበያ ይገኛል" አሉ። "ልጅ ግን ከየት ይገዛል?"

ከዚያ ወዲህ ሕጎች አሉኝ። ስደርስ ሀካዬን ሳላወጣ ሩብ ሰዓት ያህል ባሕሩን አያለሁ፤ ትልልቆቹ ሞገዶች እየተቆጠሩ ነው የሚመጡት፣ አምስት ደቂቃ ጸጥ ቢል ማታለያ ነው። ልቆምበት ያሰብኩት ድንጋይ እርጥብ ከሆነ፣ ሞገድ ደርሶበታል ማለት ስለሆነ አልቆምበትም። ለባሕሩ ጀርባ አልሰጥም። የተያዘች ጂግ ትበጠስ፤ ጥቂት ሼቄል ናት። ብቻዬን አልሄድም። የማያንሸራትት ጫማ፣ የራስ ባትሪ፣ ቀጭን የሕይወት ማዳኛ ጃኬት እለብሳለሁ። ሰው ውሃ ውስጥ ከወደቀ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለት፣ 101 ደውሉ፤ ዘላችሁ አትግቡ። ይሄን ለአባቴም ነግሬአቸዋለሁ። "እሺ" ብለውኛል፤ አላመንኳቸውም።

ሌላው አደጋ ከውሃው ራሱ የሚወጣ ነው። ቀላል ጂግ ላቭራክን ብቻ አትይዝም። በስዊዝ ቦይ በኩል ከቀይ ባሕር የገቡ ዓሦች አሉ፣ ከእነሱም ሁለቱን እወቁ።

አንዱ በዕብራይስጥ ናፉሂት የሚባለው፣ ሲይዙት እንደ ኳስ የሚነፋው ነው። ጥርሱ እንደ መቀስ ነው፤ ሲሊኮናችሁ ግማሹ ተቆርጦ ከወጣ እሱ ነው። ሥጋውና የሆድ ዕቃው ውስጥ ያለው መርዝ ሰው ይገድላል፤ ምግብ ማብሰል አያጠፋውም። ከ2005 እስከ 2008 ባሉት ዓመታት ብቻ እዚህ አገር 13 ሰዎች በልተውት ተመርዘው ሐኪም ቤት እንደገቡ በሕክምና መጽሔት ተመዝግቧል። ቅርፊት ስለሌለው ለእኛ ድሮም የተከለከለ ነው፤ ግን ለድመትም አትስጡት፣ ለጎረቤትም።

ሁለተኛው ጢም ያለው፣ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለበት እንደ አምባዛ ያለ ትንሽ ዓሣ ነው። በጀርባውና በጎኑ ያለው እሾህ መርዘኛ ነው፤ ከሞተም በኋላ ይወጋል። በእጅ አትንኩት። በፒንሳ መንጠቆውን ያዙ፣ ካልሆነ ክሩን ቁረጡ። የወጋው ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ "ያልፍልኛል" አይባልም።

መውሰድና መተው

አባቴ የነገሩኝን አንድ ነገር ልጨምር። በእነሱ አገር ክረምት ሲገባ፣ ማለትም የሐምሌና የነሐሴው፣ የጣና ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል በወንዞቹ ሽቅብ ይወጣል። መገጭም አንዱ ነው። ያኔ አንዳንዱ ሰው የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ ውሃው ውስጥ ይበትናል። ዓሣው ይሰክራል፣ ትልቁም ትንሹም ሆዱን ሰማይ አድርጎ ይንሳፈፋል። "የምንበላውን ለቅመን የቀረው ይሄድ ነበር" አሉኝ። "ሕፃን ሆኜ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል።"

ላቭራክም እንቁላሉን የሚጥለው በክረምት ነው፤ በሜዲትራኒያን ከዲሴምበር እስከ ማርች አካባቢ። ሴቷ ለዚያ እስክትደርስ ዓመታት ይፈጅባታል። ሆዷ የሞላ ትልቅ ሴት ብትይዙ ፎቶ አንሥታችሁ ልቀቋት። ትንሹንም ልቀቁት። የመንጠቆውን ምላስ በፒንሳ ጨፍልቁት፤ መልቀቅ ቀላል ይሆናል፣ ጣታችሁ ላይ ቢሰካም ይወጣል። ዓሣውን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን አርጥቡ። የተበጠሰ ክር ስታዩ፣ የእናንተ ባይሆንም ሰብስቡት፤ ወፍ ያንቃል።

የቀላል ጂግ ሌላው መልካም ነገር ይኼ ነው፤ አንድ በአንድ ትይዛላችሁ፣ እያንዳንዱን አይታችሁ ትወስናላችሁ።

ለጠየቀኝ ወንድም፣ ባጭሩ፦ ክርህን አቅጥን፣ ክብደትህን ቀንስ፣ ከማዕበል ማግሥት ንጋት ላይ ሂድ፣ ጂጓንም ተዋት ትውደቅ። ብቻህን ግን አትሂድ። ቤት ውስጥ ሌሊት ነቅቶ የሚቀመጥ አባት ወይም አጎት ካለህ ይዘኸው ሂድ። ዓሣ ባትይዙ እንኳ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ባሕር እያዩ ዝም ማለት አይቻልም። እኔና አባቴ መገጭን፣ ብርብራውን፣ በእግር የመጡበትን መንገድ ሁሉ ያወራነው እዚያ ድንጋይ ላይ ነው። የእኔም አማርኛ እዚያው ነው የረዘመው።

ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል አነባለሁ። የያዛችሁትን ፎቶም ላኩ፤ የለቀቃችሁትንማ በተለይ። ቸር ይግጠመን፣ ሻባት ሻሎም!